ልብስ ሰፊው ያዩዋቸው ሰዎች

ልብስ ሰፊው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ደረጃው መሀል ላይ ቆመው ቀሩ። አንድ እጃቸው መደገፊያውን ይዟል፤ በሌላው የታጠፈ ጨርቅ አቅፈዋል። ከኋላቸው የደረሰችው ወጣት፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖር ጎረቤታቸው ናት፤ የደከማቸው መስሏት ጨርቁን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች።

«አልደከመኝም የኔ ልጅ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኚህ ሴትዮ እስኪነሱ ነው የምጠብቀው።»

ወጣቷ ቀና ብላ አየች። ከላይ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሲሚንቶው ላይ አርፏል። ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም።

አልሳቀችም፤ አልደነገጠችምም። ሴትየዋ ምን እንደለበሱ ብቻ ጠየቀቻቸው። ልብስ ሰፊው ምን ቃል ከአፋቸው እንዳመለጣቸው የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ነገሩን በቀልድ ሊያልፉት ሞከሩ፤ ቀልዱ ግን አልመጣላቸውም። «እንግዲያው እስኪነሱ አብረን እንቁም» አለቻቸውና አጠገባቸው ቆመች። ጥቂት ቆይተው ልብስ ሰፊው «ሄዱ» አሉ። ሁለቱም ደረጃውን ወጡ።

እኚህ ሰው አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ ናቸው። ሜትሩ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሰፈሩ «ጋሽ ሜትሮ» ይላቸዋል፤ የሥራ ክፍላቸውም እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ወጣቷ ደግሞ ሆስፒታል ትሠራለች። ሥራዋ ረጅም ሕመም የያዛቸውን ሰዎች ልብ ብሎ መቀመጥን ማስለመድ ነው፤ ይኸውም ትንፋሽን፣ ሰውነትን፣ የሚመጣውን ሐሳብና ስሜት ሳያባርሩና ሳይከተሉ ማስተዋል ማለት ነው። ልብስ ሰፊው ይህን ሥራዋን ከዚህ በፊት ሰምተው «ለመቀመጥም አስተማሪ ተቀጠረ?» ብለው ለደንበኞቻቸው አሹፈውበታል።

ያን ዕለት ግን ሚስታቸው በሌሉበት በሩን ዘግተው የደበቁትን ሁሉ ነገሯት። ከዓመት ወዲህ የዓይናቸው መሀል ደብዝዟል። የሰው ጆሮና ፀጉር ያያሉ፤ አፍንጫውና ዓይኑ የሚገኝበት ቦታ ግራጫ ጭጋግ ነው። ሚስታቸው ነገሩን የእርጅና አድርገው ስለወሰዱት መርፌውን ክር እያስገቡ ይሰጧቸዋል። ከአራት ወር ወዲህ ደግሞ ከጭጋጉ ውስጥ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሴት መጡ። ቀጥሎ ሦስት ልጆች ተከተሉ፤ ከፀጉራቸውና ከኮሌታቸው መካከል ፊት የሚባል ነገር የላቸውም። አይናገሩም፤ እግራቸው ድምፅ የለውም። መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው የልብስ ሰፊውን እጅ የሚያዩ ይመስላሉ።

ልብስ ሰፊው፣ ድሮ ልብስ የሰፉላቸው ሙታን ሊወስዷቸው የመጡ መሰላቸው። ለማንም ቢናገሩ «አበደ» እንደሚባሉ አልተጠራጠሩም፤ ስለዚህ አፋቸውን ዘጉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ሱሪ ሲተኩሱ ፊት የሌለው ልጅ ከካውያው ሥር ብቅ አለ። እሱን ላለማቃጠል ካውያውን ሲወረውሩት የሚስታቸው ክንድ ላይ አረፈ። «እጄን አዳልጦኝ ነው» አሏቸው። ቁስሉ ገና አልዳነም።

ወጣቷ አንድም ቃል ሳታቋርጥ ሰማች። ከዚያም ሁለት ነገር ጠየቀቻቸው፤ የዓይን ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ፣ እስከዚያው ደግሞ ከእሷ ጋር ልብ ብለው እንዲቀመጡ። ሐኪሙን እሺ አሉ። ሁለተኛው አበሳጫቸው።

«አትቀየሚኝና፣ ይህ ነገር ችግር ለሌለው ሰው ነው» አሉ። «ሥራ በዝቶበት እንቅልፍ ላጣ፣ ከአለቃው ለተኮራረፈ ይሆናል። የኔ ዓይኔ ነው እየጠፋ ያለው። ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ባዳምጥ መርፌው ክር ይገባለታል?»

«አይገባለትም ጋሼ።»

«ሰዎቹስ ይሄዱልኛል?»

«እሱንም ቃል አልገባልዎትም።»

ልብስ ሰፊው ተገረሙ። ሻጭ የገዛ ዕቃውን ሲያጣጥል ሰምተው አያውቁም።

«ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?»

«ሰዎቹ ሲመጡ ምን ያደርጋሉ?» አለች።

«ፊቴን አዞራለሁ። ሲብስ ጥዬ እወጣለሁ።»

«ስለዚህ አራት ወር አብረዋቸው ኖረው አንድ ቀን እንኳ በደንብ አላዩዋቸውም።»

ቀጥላም የራሷን ነገረቻቸው። አባቷ በጠና በታመሙ ጊዜ ሥራ እየፈጠረች ከአልጋቸው ትሸሽ ነበር፤ ሐዘኑ የሚገድላት መስሏት። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ባስለመደቻት መንገድ ከፍርሃቷ ጋር ተቀመጠች፤ አልገደላትም። አባቷ አልዳኑም፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ቀኖች ግን አጠገባቸው ነበረች። ይህን ነው የምትመሰክረው እንጂ ሌላ ተአምር የላትም። ደግሞ ሁሉንም ሰው እንደማይስማማ አልደበቀችም። ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ የሚብስበት አለ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ታስቆመዋለች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው እግራቸውን ወለሉ ላይ፣ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ሱፍ ጨርቅ ላይ እንዲያሳርፉ ነገረቻቸው። ዓይናቸውን እንዳይጨፍኑ፣ የሚመጣውን እንዳይጠሩትም እንዳይሸሹትም፣ ፍርሃቱ ከበረታባቸው እዚያው እንዲያቆሙ መከረቻቸው። መጀመሪያ የመንገዱ ጫጫታ ብቻ ተሰማ። ቀስ ብሎ የልብስ ሰፊው ትንፋሽ አጠረ።

«ሴትየዋ መጥተዋል» አሉ። «ካንቺ ኋላ ቆመዋል። እጃቸውን ወንበርሽ ላይ ጭነዋል።»

ወጣቷን የመዞር ፍላጎት ሊያሸንፋት ነበር፤ እግሯን ወለሉ ላይ አጥብቃ «ልኬት እንደሚወስዱ ሆነው ይንገሩኝ» አለች።

«ካፖርቱ ሱፍ ነው። ወፍራም። ድሩም ማጉም ይታየኛል፤ ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።» ቆም አሉ። «ትከሻው ላይ... እንዴት ነው ይኼ?»

«ምኑ?»

«እጅጌው የተገጠመበት ስፌት የለም። ፊት ለፊትም አይከፈትም፤ ቁልፍም የለው። ይህን ልብስ ሰው ሊለብሰው አይችልም።»

ሴትየዋ አልተንቀሳቀሱም። ልብስ ሰፊው በመዳፋቸው ሥር ያለውን እውነተኛ ሱፍ ዝቅ ብለው አዩ፤ ጭጋግ ነበር። ቀና ብለው ካፖርቱን አዩ፤ እያንዳንዱ ክር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አርባ ዓመት ጨርቅ ያገላበጡ ሰው ናቸውና ነገሩ ወለል አለላቸው።

«አፍንጫዬ ሥር ያለውን ጨርቅ ማየት ያልቻለ ዓይን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ካንቺ ኋላ የቆመውን ልብስ ክር ሊቆጥር አይችልም። ይህን የሚያየው ዓይኔ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ከውጭ አልመጡም።»

ላብ በግንባራቸው ይወርድ ነበር፤ ሴትየዋም ገና አልሄዱም። ሆኖም ከአራት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥለው አልወጡም።

ልብ ብሎ መቀመጥ ዓይን ያበራል እያልን አይደለም። የሚሸሽ ሰው ግን የሚሸሸውን አይመረምርም፤ ያልመረመረውንም ለሐኪምም ለዘመድም አስተካክሎ ሊናገር አይችልም። የእኚህ ሰው ግማሽ መከራ የዓይናቸው ነበር፤ ግማሹ ደግሞ የዝምታቸው።

ያን ዕለት ማታ ለእራት ሲቀመጡ፣ ለሚስታቸው ሁሉንም ነገሩ፤ የካውያውንም ነገር ጨምረው። ሚስታቸው በፋሻ የተጠቀለለ ክንዳቸውን ይዘው አዳመጧቸው።

«እኔ ደግሞ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፊቴን ማየት ያስጠላህ መስሎኝ ነበር። ሳናግርህ ወደ ጎን ነበር የምታየው። ስቀርብህ ትበረግጋለህ። ዓመት ሙሉ ምን አድርጌው ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ልብስ ሰፊው በጎን ካላዩ የሰው ፊት እንደማይታያቸው አስረዷቸው። ከዚያም እጃቸውን ሰደው የሚስታቸውን ግንባርና ጉንጭ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ሁለቱም አለቀሱ።

የዓይን ሐኪሙ በሳምንቱ መረመራቸው። የዓይናቸው መሀል እንደተጎዳ፣ የጠፋው እንደማይመለስ ነገራቸው። ስለ ሰዎቹም ሲሰማ አልተገረመም። ዓይን የሚልከው ሲያንስ አእምሮ ባዶውን ቦታ በራሱ ሥዕል ይሞላዋል፤ አእምሯቸው ጤነኛ በሆነ ብዙ ሰዎች ላይ ይደርሳል፤ እብደት አይደለም አላቸው። ጠንካራ መብራትና ማጉያ መነጽር አዘዘላቸው፤ ሥዕሉ ሲመጣ ዓይናቸውን ወዲያና ወዲህ እንዲያንቀሳቅሱም መከራቸው። ከዚያ ወዲህ መቁረጡንና መተኮሱን ሚስታቸው ያዙ፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ ገበሩንና የተሰፋውን በጣታቸው እየዳሰሱ ጉድለቱን ያወጣሉ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሩብ ሰዓት ይቀመጣሉ። መቀመጡ የከበዳቸው ቀንም ብዙ ነው።

ከወራት በኋላ ለቀጠሯቸው ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ አጠገባቸው የነበሩ ጡረታ የወጡ ሾፌር ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ይሳቀቁ ነበር። ልብስ ሰፊው ያን መሳቀቅ ያውቁታል። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው ምን እንደሚያዩ ጠየቋቸው። ሾፌሩ ከብዙ ማንገራገር በኋላ ፈረሶች እንደሚያዩ ተናገሩ። ልብስ ሰፊውም የራሳቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወጉላቸው።

«መቀመጡ ታዲያ ረዳዎት?» አሉ ሾፌሩ። «እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ዓይኔን አልመለሰልኝም። እነሱንም አላባረረልኝም። ግን ስፈራ እጄ የሚሠራውን አውቃለሁ፤ ሰው አላቃጥልም። ለሐኪሙ ያየሁትን አስተካክዬ ነገርኩት። ሚስቴን የጠላኋት መስሏት በከንቱ ከመብሰልሰል አዳንኳት። እኔም ስስቅበት የኖርኩት ነገር ነው፤ ተሳስቼ ነበር።»

«አሁንም ይመጣሉ ማለት ነው?»

«ይመጣሉ። አሁን ራሱ ከእርስዎ በስተቀኝ ቆመዋል።»

ሾፌሩ ወደ ቀኛቸው ሊዞሩ ጀመሩና ተዉት። «ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም» አሉ ልብስ ሰፊው። «እንደ እኛው ተራ ይጠብቃሉ።»

ሾፌሩ ጥቂት አሰቡ። ከዚያም መስኮቱ ዘንድ ቆማ የነበረችውን፣ አባቷ ለምን እንዳኮረፏት ሳታውቅ ወራት ያለፏትን ልጃቸውን፣ በእጃቸው ጠሯት። ወንበሩ ላይ አጠገባቸው አስቀመጧትና ስለ ፈረሶቹ ይነግሯት ጀመር።