መታጠብ መጸየፍ ነው ወይ?

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሲቆጡ እንጂ ሲለማመጡ ታይተው አይታወቁም። በዚያ ሰሞን ጉልበታቸው ተሳስሮ ማኅሌት መቆም ቢያቅታቸው፣ ንፋስ መውጫ ወደምትገኝ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ሄዱ። ባለሙያዋ የጎረቤታቸው ልጅ ሕሊና ሆና ሲያገኟት ደስ አላቸው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሕሊና ከእሳቸው በፊት የገባውን፣ በሬ የረገጠውን የገበሬውን የእንየውን እግር ስታፍታታ ቆይታ ጨረሰች፤ ቁስሉ ገና መግል ይቋጥራል። መሪጌታ ተራዬ ብለው አልጋው ላይ ሊወጡ ሲሉ ፊታቸው ቆመች።

«ቆየት ይበሉ የኔታ። አልጋው ይወልወል፣ እኔም ልታጠብ።»

«ምነው፣ ተጸየፍሽኝ? ከአባትሽ ጋር በአንድ ማዕድ የበላሁ ሰው ነኝ። ወጌሻው ጥጋቡ ቅቤውን ከአንድ ቀንድ እየዛቀ ስንቱን አሽቶ አዳነ።»

«ያልዳኑትንስ ማን ቆጠራቸው?»

ወረፋ የያዘው ሰው አጉረመረመ። ሕሊና ግን ፍንክች አላለችም። «ቢቆጡኝም ሳልታጠብ አልነካዎትም» አለች።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፉ። «ጀርም የምትሉትን ዓይኔ አላየው። ያላየሁትን ነገር አልፈራም።»

«ሰይጣንን አይተውት ነው የሚያማትቡት?»

መሪጌታ ክርክር አዋቂ ናቸውና መረታታቸውን ያውቁታል፤ በጎረቤት ልጅ መረታቱ ግን አንገበገባቸው።

«እስቲ ጉልበትዎን ያሳዩኝ» አለች ሳትነካቸው። ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። የምላጭ ጭረቱ ገና አልደረቀም።

«ዋግምት ታግመዋል?»

«ትናንት። መጥፎው ደም ከወጣ ለአንቺም ይቀልልሻል ብዬ ነው።»

«እንግዲህ ይስሙኝ የኔታ። የምታጠበው እርስዎን ሸሽቼ አይደለም። የእንየው ቁስል ነውር የለበትም፤ ነውሩ እኔ መግሉን በእጄ ወደ እርስዎ ያሻገርኩ እንደሆነ ነው። በዚህ ጭረት ገብቶ ጉልበትዎ ካመረቀዘ፣ ማኅሌቱ ይቅርና ደጀ ሰላም የሚደርሱት በቃሬዛ ነው። ጭረቱ እስኪድንም አላሽዎትም፤ እንቅስቃሴውን ብቻ አሳይዎታለሁ።»

መሪጌታ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ካህኑ በቅዳሴ እጁን ሲታጠብ ሕዝቡን ተጸየፈ አንልም» አሉ በመጨረሻ። «ታጠቢ ልጄ።»

ታጠበች፤ አልጋውንም ወለወለች። እግራቸውን እንዴት እንደሚያነሡና እንደሚዘረጉ አሳይታቸው፣ ዳግመኛ ልትታጠብ ወጣች። ይህን ጊዜ ባለተራዋ ንግስት መሪጌታ የተነሡበት አልጋ ላይ ልትወጣ ስትል፣ መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው አገዷት።

«ገና አልተወለወለም።»

«ወረፋው እኮ ረዘመ የኔታ።»

«ይርዘም። ወገብሽን ልታስታሺ መጥተሽ የእኔን በሽታ ይዘሽ ቤትሽ ከምትገቢ፣ ዘግይተሽ በጤናሽ ግቢ። ልጆችሽም ይተርፋሉ። ደግሞ ይቺ ልጅ አንድ ቀን ደክሟት ሳትታጠብ ብትመጣ፣ አትንኪኝ በያት። እኔ ነኝ ያልኩሽ።»