ታጥቦ የተሰጣ ቆብ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ በእትዬ አስናቀች በረት ደጃፍ፤ የከብት ሐኪሙ ደምሰው የመድኃኒት ሳጥኑን ዘግቶ ወደ ሞተር ሳይክሉ ሊሄድ ሲል እትዬ አስናቀች መንገድ ዘግተውበታል።

አስናቀች፦ ላሜን መርፌ ሳትወጋልኝ ንቅንቅ አትልም!

ደምሰው፦ ጉሬዛ አልታመመችም እኮ፣ እትዬ አስናቀች። ጤነኛ ላም ምን ብዬ ልውጋ?

አስናቀች፦ ወተቷን የደበቀች ላም ጤነኛ ናት? ጡቷ ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል፤ እኔ ስጎትት ጠብታ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ የኔ ነገር። ባለፈው ስትወጋት እንደ ቧንቧ አልወረደም?

ደምሰው፦ ወርዷል። ያኔ ጥጃዋ በሞተ ማግስት ነበር፤ ጡቷ እንዳይቆስል ብዬ ነው። በየቀኑ ከሆነ ግን ትለምደውና ያለ መርፌ አትታለብም።

አስናቀች፦ ትልመዳ! ሰው ስንቱን ይለምዳል።

ደምሰው፦ መርፌው ውስጥ ያለው ኦክሲቶሲን ይባላል። እሷም የራሷ አላት። ጥጃዋን ስታሸት፣ ስትልስ፣ ከአንጎሏ ይፈልቅና በደሟ ወርዶ ጡቷን ‹ልቀቅ› ይለዋል። ስትደነግጥ ደግሞ የድንጋጤው ሆርሞን ይቀድምና መንገዱን ይዘጋበታል። ማነው የመታት?

አስናቀች፦ ተመታች ማን አለህ?

ደምሰው፦ ታፋዋ ላይ ሰንበር አለ።

አስናቀች፦ ረገጠችኛ! ባልዲውን ደፋችው። እኔም ሰው ነኝ፣ እጄ ቀደመኝ።

ደምሰው፦ ዱላ ባለበት ወተት የለም። ቆዳውስ? የጥጃውን ቆዳ ገለባ ሞልተው ፊቷ ያቁሙላት ብዬ አልነበር?

አስናቀች፦ አቆምኩላት እንጂ! ያው፣ እየው። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

ደምሰው፦ ቆይ... ምንድን ነው የሚሸተኝ? ሳሙና ነው?

አስናቀች፦ ገምቶ ነበራ! ዝንብ ወረረው። በሙቅ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ እንደ ሙሽራ አድርጌ ነው ያቆምኩላት።

ደምሰው፦ እትዬ! ላሟ እኮ የምትፈልገው ያንኑ ግማቱን ነው። ጥጃዋን አጥበው አውጥተው ሳሙና ነው ያቆሙላት።

አስናቀች፦ እኔማ ንጹሕ ይሁን ብዬ...

ደምሰው፦ አውቃለሁ። የተኛበት ጭድ ካለ አምጥተው ያንጥፉላት። ውሻውን ያርቁት፤ ጡቷን በለብታ ውሃ ያሹላት፤ ስሟን እየጠሩ ይለቧት። በሉ፣ አሁን ልሂድ።

አስናቀች፦ ደምሰው።

ደምሰው፦ አቤት።

አስናቀች፦ ወተት የሚያወርድ መርፌ ካለ... የሚያደርቅም አይጠፋም፣ አይደል?

ደምሰው፦ አውርድልኝ ሲሉኝ ቆይተው አድርቅልኝ?

አስናቀች፦ ለጉሬዛ አይደለም።

ደምሰው፦ ታዲያ ለማን?

አስናቀች፦ ቀስ በል፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ለህብስት ነው።

ደምሰው፦ ለልጅዎ? ኧረ እትዬ፣ ይሄማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።

አስናቀች፦ ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ የማኅበሬ ሴት ናት። ጡቷን ስታይ ‹ልጁስ?› ትለኛለች። ምን ልበላት? ኮሌጅ የላክኋት ልጅ ዲፕሎማ ታመጣለች ስል አርግዛ መጣች፤ ሰፈሩ ሳያይ ሸኖ እህቴ ቤት አስወለድኳት፤ ልጁን እዚያው ትቼ እሷን ብቻ ይዤ ተመለስኩ ልበላት?

ደምሰው፦ ለእህትዎ ሰጡት?

አስናቀች፦ ለሙሉነሽ። እግዜር የነሳትን እኔ ሰጠኋት፤ ጽድቅም መስሎኝ ነበር። ነገ ክርስትና ያነሡታል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጡቷን ማር ቀብታ ታስይዘዋለች፤ የጡት ልጇ ይሆናል። ካህን ባለበት፣ ሽማግሌ ባለበት። ከዚያ ወዲያ ማን አፍ አውጥቶ መልሺ ይላታል?

ደምሰው፦ ህብስትስ ምን አለች?

አስናቀች፦ ምንም። እሱ ነው የገደለኝ። ምነው በጮኸች፣ ምነው በሰደበችኝ! ጡቷ ድንጋይ ሆኗል። የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማች ቀሚሷ ይርሳል።

ደምሰው፦ እሱ ራሱ ነው።

አስናቀች፦ ምኑ?

ደምሰው፦ ያ ኦክሲቶሲን ያልኩዎት። ልጁ የለም፤ ገላዋ ግን አልተነገረውም።

አስናቀች፦ ላምና ሰው አንድ ናቸው ልትለኝ ነው?

ደምሰው፦ በዚህ በዚህ ብዙም አንለያይም። ሕፃኑም ያው ነው፤ የለመደው ደረት ሲርቅበት የጭንቀቱ ሆርሞን ይነሣበታል። ያለቅሳል፣ እንቅልፍ ያጣል።

አስናቀች፦ ሙሉነሽ በስልክ ‹አያስተኛኝም› ብላኝ ነበር። ሆዱን ነው፣ ጤና አዳም አሽቺው አልኳት።

ደምሰው፦ ይለምዳል፣ አልዋሽዎትም። ሕፃን ያቀፈውን ይለምዳል። ያቀፈውም ሕፃኑን ይለምዳል። የእህትዎም ገላ ይሄኔ ጀምሯል፤ ማቀፍ እኮ ለወለደ ብቻ አይደለም የሚሠራው።

አስናቀች፦ አንተ ሰው፣ የትኛዋን ግደይ ነው የምትለኝ? ልጄን ወይስ እህቴን?

ደምሰው፦ እኔ ምንም አላልኩም። ባደረ ቁጥር ግን ቋጠሮው ይጠብቃል።

አስናቀች፦ ሙሉነሽን ዛሬ ብነጥቃት ታለቅሳለች። ከነገ ወዲያ ብነጥቃት ትሞትብኛለች። ሰፈሩስ?

ደምሰው፦ ሰፈሩ ሌላ ሴት እስክትወልድ ነው የሚያወራው።

አስናቀች፦ ቀልድ፣ ላንተ ምን አለብህ። ዛሬ ጠዋት ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ትራሷ ሥር የልጁን ቆብ አገኘሁ። ወተት የተፋበት፣ የደረቀ። ሰርቃ ነው ያመጣችው። ለካ አፍንጫዋ ላይ አድርጋው ነው የምትተኛው። አለቅም አለችኝ፤ ጣቷን ፈልቅቄ ወሰድኩባት።

ደምሰው፦ የት ደበቁት?

አስናቀች፦ አልደበቅሁትም። አጠብኩት።

ደምሰው፦ በሳሙና?

አስናቀች፦ በዚያው ሳሙና። ያውልህ፣ ገመድ ላይ። ምን ይሻለኛል?

ደምሰው፦ ሞተሬ አንድ ሰው ታፈናጥጣለች። መነኸሪያ አደርሳለሁ። የሸኖ መኪና እስኪመሽ አይጠፋም።

አስናቀች፦ እኔ ልሂድ። እህቴ ፊት መቆም ያለብኝ እኔ ነኝ። እሷ ተኝታ ትቆየኝ።

ደምሰው፦ ልጁ የሚያውቀው የማንን ደረት ነው?

አስናቀች፦ ...ለሙሉነሽ ደውዬ እነግራታለሁ። ትርገመኝ፣ ይገባኛል። ስልኬን አቀብለኝ... የለም፣ ቆይ። መጀመሪያ ልጄን ልጥራት። ከሸኖ ከመጣን ወዲህ ስሟን ጠርቼው አላውቅም፤ አንቺ፣ አንቺ ነው የምላት።

ደምሰው፦ ይጥሯታ።

አስናቀች፦ ህብስት! ህብስትዬ! ጋቢሽን ደርበሽ ውጪ፣ ደምሰው መነኸሪያ ያደርስሻል። ቆቡን ተይው፣ እዚያው ገመዱ ላይ ይደር፤ አንቺ ባለቤቱን ይዘሽ ነይ።