ቀይ መስቀሉን የት ልሳለው?

ጣሊያን ሀገራችንን በወረረ ሰሞን ጅቡቲ፣ ራስ ዲካ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ጀልባ እየቀባሁ ነበር የምተዳደረው። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ሐኪም ጠራኝና ወደ ግንባር በሚሄደው የቁስለኞች መኪና ጣሪያ ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል እንድስል አዘዘኝ። ቀለሙን ስበጠብጥ፣ መኪናውን ሊረከብ ከሀገር ቤት በባቡር የወረደው ሾፌር ታደሰ መጣ። አንድ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። "ወንድሜ፣ ባክህ አትሳለው" አለኝ። ምነው ብዬ ስጠይቀው፣ "የበፊቱ መኪናዬም ነበረው። አውሮፕላኑ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን ፈልጎ መታው" አለ።

ፈረንሳይኛ ስለምሞክር ለሐኪሙ ነገርኩት። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ፣ "ምልክቱን አላዩት ይሆናል እንጂ የጦርነት ሕጉ ቁስለኛ አይነካም ይላል። እንዲያውም አጉልተህ ሳለው" አለኝ። ይህን ስተረጉምለት ታደሰ አልተቆጣም። "እንግዲያው በትልቅ ሸራ ላይ ይሳልልን። አውሮፕላን ሲመጣ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ እንዘረጋዋለን፤ ቁስለኞቹን ራቅ አድርገን ዛፍ ሥር እንደብቃቸዋለን" አለ።

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እየሳቅሁ ለሐኪሙ ተረጎምኩለት። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ታደሰን ሳጥን ላይ አስቀምጦ ፋሻውን ፈታ፤ ቁስሉን ብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየና መልሶ በቀስታ አሰረለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "የጣሪያው ይቅር" አለኝ። "ሸራውን ግን ሁለት አድርገው።"