ቦርድና ገበታ

እግሩ የወለቀ ወንበሬን ታቅፌ ከጋሽ ውሃልክ እንጨት ሥራ ቤት ስደርስ በሩ በጠረጴዛ ተዘግቶ አገኘሁት። ጠረጴዛው ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ እንዳኮረፈ በሬ አልነቃነቅም ብሏል። ከውስጥ የአዛውንቱ ድምፅ ይሰማል። “ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ እኮ! ምነው፣ ጉልበትህ የት ገባ?”

እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሥራዬ የሰው ስህተት መልቀም ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የሚያህል ስህተት ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ሳየው ትንሽ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ጠረጴዛው ወደ ውስጥ ተመልሶ ተጎተተና ገባሁ፤ የጠበቀኝም ፊት የሚያስቅ አልነበረም።

ጋሽ ውሃልክ በሰፈሩ አንጋፋው አናጢ ናቸው። ውሃ ልክ እንጨት መጋደል አለመጋደሉ የሚፈተንበት መሣሪያ ነው፤ እሳቸው ግን መሣሪያውን ሳያወጡ፣ በዓይናቸው ብቻ “ይሄ መደርደሪያ ወደ ቀኝ አዘንብሏል” ስለሚሉ ስሙ ወጣላቸው። ዋና ሠራተኛቸውን ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ሆድይፍጀው ይለዋል። ገና ጎረምሳ ሳለ ነበር የመጣው፤ አሁን ጆሮ ግንዱ አካባቢ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ጋሽ ውሃልክ ልጅ ስለሌላቸው ሙያቸውን ሁሉ ያስተማሩት፣ ሲታመም ያስታመሙት፣ ሲያገባም አልጋውን በእጃቸው ሠርተው የሰጡት እሱን ነው።

ቤት ውስጥ ያገኘኋት ሦስተኛዋ ሰው የወንድማቸው ልጅ ናት፤ የእንግሊዝኛ መምህርት። ጠረጴዛውን ያዘዘው እሷ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ በማግስቱ ሊሰበሰብበት ስለነበር የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

“በሩን አፈርሰዋለሁ!” አሉ ጋሽ ውሃልክ።

ሆድይፍጀው ላቡን በሽርጡ ጠረገ። “እንዳሉ ይሁን፣ ጋሼ። ብቻ ይህን ካደረስን በኋላ፣ ባለፈው እንደነገርኩዎ፣ የዛሬው የመጨረሻዬ ነው።”

“ለምን እንደምትሄድ ግን አትነግረኝም።”

“ሆድ ይፍጀው፣ ጋሼ።”

ይህን ብሎ ሽርጡን ሚስማሩ ላይ ሰቀለና ወደ ደጅ ወጣ። መምህርቷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ “እሱ ከሄደ አጎቴ ይህን ቤት ዘግተው ይተኛሉ። ይህ ሰው ልጃቸው ነው፤ ሁለቱ ግን የልባቸውን አይነጋገሩም” አለችኝ።

የማይነጋገሩበትን ምክንያት ወዲያው አየሁት። የምሳ ሰዓት ደረሰና ጋሽ ውሃልክ ጥግ ላይ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛቸው ብቻቸውን ተቀመጡ። ሠራተኞቹ ውጭ፣ ከጣራው ጥላ ሥር ቆመው ዳቦአቸውን ይገምጣሉ። የቤቱ ደንብ ይኸው ነው፤ ጌታው ለብቻው ይበላል፣ ጌታው ሲናገር ሠራተኛ አይናገርም። እኔና መምህርቷ እንግዶች ስለሆንን በርጩማ ተሰጠን፤ ሻይም ተቀዳልን።

“አጎቴ፣” አለች ሻይዋን እያማሰለች፣ “ይህን ጠረጴዛ ለማን ነው የሠሩት?”

“ለቦርድ ነዋ! አንቺው አይደለሽ ያመጣሽብኝ!”

“ቦርድ ማለት ምንድን ነው?”

“ከረባት ያሰሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ‘በሚቀጥለው ጊዜ እንመለስበታለን’ ተባብለው የሚበተኑበት ነው።”

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀችና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ጣውላ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። “ቦርድ ማለት ይህ ነው። ጣውላ!”

“ሰዎቹ ጣውላ ናቸው?”

“አንዳንዶቹ፣” አልኩ እኔ።

“የቃሉ መነሻ ጣውላ ነው” አለች፣ በእኔ ቀልድ ሳትዘናጋ። “በድሮዎቹ እንግሊዞች ቤት እንደዚህ ያለ ባለ እግር ጠረጴዛ ብዙ አልነበረም። የምግብ ሰዓት ሲደርስ ጣውላ አምጥተው በመቆሚያ ላይ ያጋድማሉ፤ ሲጨርሱ አንስተው ግድግዳ ላይ ይደግፉታል። ስለዚህ ጣውላውን የሚጠሩበት ቃል የጠረጴዛም ስም ሆነ። ቆይቶ ጣውላው ላይ የሚቀርበው ምግብ ራሱ ቦርድ ተባለ። ተማሪ እያደረ የሚበላበትን ትምህርት ቤት ቦርዲንግ የምንለው ከዚያ መጥቶ ነው። ከዚያም በዚያው ጣውላ ዙሪያ ተቀምጠው የሚመካከሩት ሰዎች ቦርድ ተባሉ። ያው አንድ ጣውላ ነው፣ አጎቴ፤ ብላክ ቦርድ ሆኖ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ኪቦርድ ሆኖ የጸሐፊያችን ጣት ሥር አለ።”

ጋሽ ውሃልክ ማኘካቸውን አቆሙ፤ እንጨት ሲነሳ ጆሯቸው ይቆማል። ቢሆንም እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

“አውሮፕላን ስሳፈር ቦርዲንግ የሚሉት ወረቀት ሰጥተውኛል። የአውሮፕላን ጣውላ የት አለ?”

“እሱ ከመርከብ የመጣ ነው። የመርከብ ጎንም ቦርድ ይባል ነበር፤ መርከብ ላይ መውጣት በዚያ ተጠራ፣ ለአውሮፕላንም ተረፈ። አንዳንድ ሊቃውንት ይህኛው በመነሻው ‘ጠርዝ’ የሚል ሌላ ቃል ነበር፣ ከጣውላው ጋር የተቀላቀለው በኋላ ነው ይላሉ።”

“ይኸውልሽ! ሊቃውንቱም አልተስማሙ” አሉ፣ ያሸነፉ መስሏቸው። “ለጣውላውም፣ ለምግቡም፣ ለሸንጎውም፣ ለመርከቡም አንድ ቃል! ድሃ ቋንቋ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?”

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አላሰኘኝም። “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኛስ ገበታ? ጥንት ከእንጨት ተጠርቦ ምግብ የሚቀርብበት ዕቃ ነው። ‘ገበታ ቀረበ’ ስንል ግን ምግቡን ማለታችን ነው። ልጅ የሚማርበት የፊደል ገበታ ነው። እርስዎ ጠዋት ወደዚህ ሲመጡ በሥራ ገበታዎ ተገኙ ይባላል። ሌላው ቀርቶ ጣውላ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በእነሱ ዘንድም ጣውላውም ጠረጴዛውም በዚያው ይጠራል።”

ጋሽ ውሃልክ መዳፋቸውን በጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሰው፣ የእንጨቱን መስመር ተከተሉት። “እንዲህ ነው እንዴ! ምግቡም፣ ትምህርቱም፣ ሥራውም ከአንድ እንጨት ወጣ በሉኛ! ግሩም ነው። ያወጣው ሰው አናጢ መሆን አለበት።”

እኔም በልቤ ተደነቅሁ። ባሕር የለያያቸው ሰዎች፣ ሳይማከሩ፣ ከአንድ ተራ እንጨት ተመሳሳይ ሐሳብ ጠርበው ማውጣታቸው ያስገርማል። ቃልም እንደ ጥሩ ግንድ ነው፤ ባለሙያ እጅ ሲገባ ብጣሹ እንኳ አይጣልም።

መምህርቷ ግን የመጣችው ለአድናቆት ብቻ አልነበረም። “አጎቴ፣ ጣውላውን ሸንጎ ያደረገው ምን ይመስልዎታል? ሰዎች አብረው ተቀመጡበት። ባይቀመጡበት ኖሮ ጣውላ ሆኖ ይቀር ነበር። እንግሊዞች ያልተደበቀ፣ ንጹሕ ሥራን ‘ከቦርድ በላይ’ ይሉታል። ካርታ ሲጫወት እጁ ከጠረጴዛው በላይ የሚታይ ሰው አያጭበረብርም ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። እርስዎ ስንት ቤት አብሮ የሚበላበትን ጠረጴዛ ሠርተው፣ እዚህ ለብቻዎ ይበላሉ።”

ፊታቸው ጠቆረ። “ስሚ፣ ልጄ! ሥራ ቤት ሸንጎ አይደለም። መጋዝ በሚዞርበት ቤት ሁሉም አዛዥ ከሆነ ጣት ይቆረጣል። ያስተማሩኝ ሰውዬ አንድ ቀን መልስ ብመልስላቸው በመዶሻ እጀታ ነው የመለሱልኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።”

“ልክ ነዎት፤ መጋዙ ሲዞር እርስዎ ይዘዙ። ከመዞሩ በፊት ግን ይጠይቁ። አሁን ይህ ጠረጴዛ በበሩ እንደማይወጣ የሚያውቅ ሰው በቤቱ አልነበረም?”

“ቢኖር ኖሮ ይነግረኝ ነበር!”

“ማን ፈቅዶለት?”

ጋሽ ውሃልክ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ወደ ደጅ ተጣሩ። “አንተ! እስቲ ና!”

ሆድይፍጀው ዳቦውን እንደያዘ ብቅ አለ።

“እንደማይወጣ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር፣ ጋሼ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ጣውላውን ስንቆርጥ።”

“እና ለምን አትናገርም?”

“አልጠየቁኝማ።”

ሌላ ቃል ሳይጨምር ጠረጴዛው ሥር ገባና በመዶሻው አንድ በአንድ የእንጨት ችንካሮቹን ነቀላቸው። አራቱ እግሮች ወለቁ። ሠራተኞቹ ገብተው ጣውላውን አነሱት፤ በጠርዙ ቢያቆሙት በበሩ እንደ ልብ ያልፋል።

“ኮላ አድርግበት ብዬ አላዘዝኩህም?” አሉ ጋሽ ውሃልክ።

“አዘውኛል። አላደረግኩም። ይህ ቀን እንደሚመጣ አውቄ ነው፤ ግን ሲናደዱ ደነገጥኩና ይህንንም መናገር አቃተኝ።”

አዛውንቱ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ሠራተኞቹም አንገታቸውን ቀብረው ነበር። እሳቸው ግን የሥራ መቆሚያዎቹን በእጃቸው አመቻችተው፣ “ጣውላውን እዚህ ላይ አጋድሙት። ንጹሕ ሸራ አልብሱት። ዳቦአችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ መኪናው ትንሽ ይጠብቅ” አሉ። ዙሪያውን ተቀመጥን። ወንበር ስላነሰ እኔ በዚያው ሰባራ ወንበሬ ላይ ሚዛኔን ጠብቄ ተቀመጥሁ።

“እንግዲህ ጠየቅሁህ” አሉት። “የምትሄደው ለምንድን ነው?”

ሆድይፍጀው ሁለት እጆቹን አውጥቶ ሸራው ላይ አኖራቸው። “ዓይንዎ ደክሟል፣ ጋሼ። የበሩን ልክም ሜትሩ ላይ ሲያነቡ ተሳስተው ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ እንጨቱ ላይ የሚያሰምሩትን መስመር፣ ከሰዓት በኋላ አረፍ ሲሉ ጠብቄ፣ እያጠፋሁ እንደገና አሰምረዋለሁ። ቅድም መምህርቷ ስለ ‘ከቦርድ በላይ’ ስትናገር ደጅ ሆኜ ሰማኋት። የእኔ እጅ ሁልጊዜ ከጠረጴዛው በታች ነው። ልንገርዎ ስል፣ እርስዎ በዓይንዎ የሚኖሩ ሰው ነዎት፤ አፌ እምቢ ይለኛል። እያታለልኩዎ ከምኖር መሄዱ ይሻለኛል ብዬ ነው።”

ጋሽ ውሃልክ ከኪሳቸው ሜትሩን አውጥተው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ ከዚያ አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት። ቀስ ብለው አጠፉትና በሆድይፍጀው እጅ ላይ አኖሩት።

“ለካ ውሃልኩ አንተ ነህ” አሉ። “እኔ ስሙን ብቻ ይዤ ኖሬአለሁ። አሁንም ትሄዳለህ?”

“ከነገርኩዎ ወዲያ ምን ያስኬደኛል፣ ጋሼ!”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ወንበሬን ልወስድ በሌላ ቀን ስመለስ ጋሽ ውሃልክ መነጽር በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አገኘኋቸው። መስመሩን የሚያሰምረው ሆድይፍጀው ነው፤ እሳቸው በመነጽራቸው ይፈትሹታል፣ ይከራከሩታል፣ አንዳንዴም ይረቱታል። በስህተት ተቆርጦ የሚጣል ጣውላ ቀንሷል። ደጅ ቆመው ይበሉ ከነበሩት አንደኛው መጋዙ ከመስኮቱ አጠገብ ቢሆን ብርሃን ያገኛል ብሎ ተናገረ፤ እውነትም መጋዙ ተዛውሯል። ትእዛዝ አልተናቀ፣ ጣት አልተቆረጠ። ጌትነታቸውም ከቁመቱ አንድ ጣት አልጎደለም፤ እንዲያውም ሠራተኞቹ ከፍርሃት ይልቅ በፍቅር ያከብሯቸዋል። ብርቱ ሰው ስህተቱን የሚነግረው ሰው በገበታው ሲያስቀምጥ ከኪሳራ ይድናል፤ ያሳደገውንም ልጅ አያጣም።

ምሳ ላይ ስለደረስኩ አብሬ ተቀመጥኩ። ሁለት መቆሚያ ላይ የተጋደመ ሰፊ ጣውላ ነው፤ ሲጨርሱ አንስተው ግድግዳ ላይ ይደግፉታል። ከመነሣታቸው በፊት ጋሽ ውሃልክ ጣውላውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ “እሺ፣ የቀረ ነገር ያለው አለ?” አሉ።

ከዚያም ዝም ብለው ጠበቁ።