ስለ ዘጠኙ በርሜሎችና ስለጠፉት አቶ ፍስሃየ የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ሰይፈ ገብርኤል ዘውገ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ በአውሮፕላን ማረፊያ የጭነት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2024፣ በአገሬው አቆጣጠር ከጠዋቱ 10፡10
ጉዳዩ፦ የአቶ ፍስሃየ ሳሕለ ከመኖሪያ ቤታቸው መጥፋት
ቃሉ በአማርኛ ተሰጥቶ በአስተርጓሚ ወ/ሮ መነን ሐዲስ በኩል ተመዘገበ።

እኔ ከላይ ስሜ የተጻፈው ምስክር፣ እውነቱን መናገር እንዳለብኝና ራሴን የሚያስከስስ ጥያቄ ላለመመለስ መብት እንዳለኝ በቋንቋዬ ተነግሮኝ ገብቶኛል። መብቱን አልፈልገውም። ከመጀመሬ በፊት ግን መፍራቴ ይመዝገብልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ወታደር ነበርኩ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። መርማሪው በአጭሩ ተናገር ብሎኛል። በአጭሩ የሚነገር ቢሆን ኖሮ ስምንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ባልከረመ ነበር።

ጠፋ የተባለው ፍስሃየ 64 ዓመቱ ነው። ጋሉስ ሰፈር ውስጥ ብቻውን ይኖራል። አንዲት ልጅ አለችው፣ ፍረወይኒ ትባላለች፣ የምትኖረው ማይንዝ ከተማ ነው። እኔና እሱ የምንተዋወቀው ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ እዚህ 1983 የሚሉት ዓመት ነው። በምዕራብ ቆላ አንድ ጊዜያዊ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ የምህንድስና ሻምበላችን እዚያ ሰፍሮ ነበር። እኔ አስር አለቃ ነበርኩ፣ እሱ በሥሬ ተራ ወታደር። እስከ ዛሬም ሲያሾፍብኝ አስር አለቃዬ እያለ ነው የሚጠራኝ።

ማረፊያውን የከበበው ቁጥቋጦ ለደፈጣ ይመቻል ተባለና መመንጠሩ ለእኛ ተሰጠ። አንድ ቀን በካሚዮን በርሜሎች መጡ። ጽሑፋቸው ተፍቋል፣ ወገባቸው ላይ የቀለም መስመር ብቻ ቀርቷል። ምን እንደሆነ የነገረን የለም። የአረም መድኃኒት ነው፣ ሰው አይነካም ተባልን፣ በቃ። በጀርባ በሚታዘል መርጫ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ያለ ጓንት ረጨን። የፍስሃየ መርጫ ያፈስ ስለነበር ጀርባው አይደርቅም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቁጥቋጦው ቅጠል ሙልጭ ብሎ ረገፈ። ያለ መጥረቢያ ጨረስነው ብለን ሳቅን። አዎ፣ ስቀናል፣ ይጻፍ።

ባዶዎቹ በርሜሎች ተቀጥቅጠው እንዲቀበሩ ታዝዞ ነበር። ትእዛዙን ያልፈጸምኩት እኔ ነኝ። በአጠገባችን በነበረው መንደር ሴቶች የአንድ ሰዓት መንገድ እየሄዱ ውሃ በእንስራ ሲያመላልሱ በየቀኑ አያለሁ። በርሜል በዚያ አገር ሀብት ነው። ዘጠኙን በአሸዋና በአመድ አጥበው እንዲወስዱ ፈቀድኩላቸው። ፍስሃየ ያኔ፣ «አስር አለቃ፣ ሽታው አልለቀቀም» ብሎኝ ነበር። ዝም ብለህ ጫንላቸው አልኩት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በርሜል ከወሰዱት አንዷ ወ/ሮ ሃዋ ናት። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። አሁን እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ዞሰንሃይም ሰፈር ትኖራለች። ከሃያ ዓመት በፊት ጋሉስ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ አየችኝና ወዲያው አወቀችኝ። በርሜል የሰጠን ደጉ ወታደር ይሄ ነው ብላ ለሱቁ ሰው ሁሉ አሳየችኝ። ቤተሰቧ አሥር ዓመት ውሃ አጠራቅሞበት እንደኖረ እየመረቀችኝ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ በየኢዱ ሳህን ሙሉ ምግብ ሳትልክልኝ ቀርታ አታውቅም። ልጇ ኣሚር 36 ዓመቱ ነው። ጀርባው ክፍት ሆኖ ነው የተወለደው፤ እግሮቹ አይሸከሙትም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። ከእሱ በፊት ሁለት ወልዳ ቀብራለች። የአላህ ሥራ ነው ትላለች። ፍስሃየ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ የኣሚርን ወንበር ብሎን ያጠብቃል፣ ጎማውን ይነፋል።

ከስምንት ዓመት በፊት በቴሌቪዥን ስለ ቬትናም ጦርነት አንድ ዝግጅት አየሁ። የጫካ ቅጠል ለማርገፍ የተረጨው መድኃኒት ስንት ዓመት ቆይቶ የረጩትን ወታደሮችም የተረጨባቸውን መንደሮችም ሲያሳምም ያሳያል። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ይታያሉ። አንዱን ልጅ ሳየው ኣሚርን ያየሁ መስሎኝ በቁሜ ሞትኩ። የእኛ በርሜል ያው ነው አልልም። ማንም ሊል አይችልም፣ ጽሑፉ ተፍቋል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሃዋን የኢድ ምግብ መዋጥ አቃተኝ። በምርቃት ተቀብዬ በሩን ከዘጋሁ በኋላ እደፋው ነበር።

(ምስክሩ ውሃ ጠይቀው ተሰጣቸው።)

ወደ ፍስሃየ ልመለስ። በዚህ ዓመት በጋ አንገቱና ብብቱ ላይ እብጠት ወጣበት። የእሱ ጀርመንኛ የወጥ ቤት ጀርመንኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ዕቃ አጣቢ ነበር። ልጁን ማስጨነቅ ስላልፈለገ እኔ እንዳስተረጉምለት ለመነኝ። ሴፕቴምበር 25 ቀን የሐኪም ቀጠሮው፣ ቴርሚኑ ላይ አብሬው ገባሁ። ሐኪሟ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር እንደሆነ፣ ቶሎ ከተጀመረ ግን ሊድን እንደሚችል ተናገረች። እኔ ለፍስሃየ ደም ማነስ ነው አልኩት። ለካንሰሩ የሚሰጠውን የኬሞ መድኃኒት ደግሞ ማጠናከሪያ ነው አልኩት። ፈርም አልኩት፣ ፈረመ።

መርማሪው ለምን ብሎ ጠይቆኛል። በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ ክፉ ስም ፊት ለፊት አይነገርም። መርዶ እንኳ በማለዳ፣ በዘመድ ተከቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገር። ካንሰር ብሎ ፊቱ ላይ መወርወር መግደል ነው፤ የማንም ሐበሻ ቤተሰብ ያደርገዋል። አስተርጓሚዋም ሐበሻ ናት፣ ታውቀዋለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን የደበቅኩት ለዚህ ብቻ አይደለም። ሐኪሟ ቀጥላ ከዚህ በፊት ከፀረ አረም ወይም ከሌላ ኬሚካል ጋር ሠርቶ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄውን ለፍስሃየ አላስተረጎምኩለትም። እኔው ራሴ «ናይን»፣ አያውቅም ብዬ መለስኩ። አዎ ብል፣ የት፣ መቼ፣ ማን አብሮ ነበር ትለኛለች፤ ነገርን ነገር እየጎተተው በርሜሎቹ ጋ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ።

ስንወጣ የከተማ ባቡሩ፣ የሽትራሰንባኑ ፌርማታ ላይ ፍስሃየ ትክ ብሎ አየኝ። ኬሚካል ስትል ሰምቻለሁ፣ ናይን ስትልም ሰምቻለሁ አለኝ። ደግሞም በደም ማነስ ሰው አንገቱ አያብጥም አለ። እሱ ግን ስለራሱ ብዙ አልጠየቀም። የሃዋ አንገት ላይም እንደ እኔ ያለ እብጠት አይቻለሁ፣ እሷ የጥርስ ነው ትላለች፣ ሐኪም ጋ አልሄደችም አለኝ። ከዚያም፣ «ሰይፈ፣ ንገራትና ትታይ። በርሜሉን የሰጠሃት አንተ ነህ፣ አንተው ንገራት» አለኝ። እሺ አልኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ።

ኦክቶበር 7 ቀን የመጀመሪያውን ኬሞ ወሰደ። ነርሷ አንድ ወረቀት ሰጥታን ነበር። ሙቀቱ ከ38 ካለፈ፣ ቀን ሌሊት ሳይባል፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይምጣ ይላል። መድኃኒቱ ሰውነቱ በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ስለሚያወርደው ተራ ትኩሳት ሊገድለው ይችላል ብላ ለእኔ ደጋግማ ነገረችኝ። ይህንንም አልነገርኩትም። ይህን ብነግረው ደም ማነስ ያልኩት ሊፈርስ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ይኸው፣ እዚህ ይዤው መጥቻለሁ፣ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝልኝ።

ሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን ከሰዓት በኋላ ፍረወይኒ ደወለችልኝ። አባቷ ስልክ ስላላነሳ ከማይንዝ መጥታ ቤቱን ከፍታለች። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እሱ የለም። የሆስፒታል ወረቀቶች አግኝታ ምን እንደሆነ ገብቷታል። ግማሹን በጀርመንኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እያለቀሰች፣ ጋሼ ሰይፈ፣ ትኩሳት እንደሚያሰጋው ያውቃል ወይ አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ነግሬዋለሁ አልኳት። የት ሊሄድ እንደሚችል ስትጠይቀኝም አላውቅም አልኳት። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ወዳጅ ቤት እንደሚሄድ እንጂ የማን ቤት እንደሆነ አታውቅም።

እኔ ግን ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር። ቃሌን አልጠበቅኩም፣ ስለዚህ ለሃዋ ሊነግራት ራሱ ሄዷል ብዬ አሰብኩ። ትናንት ማክሰኞ ደግሞ ከቀትር በኋላ የሃዋ ቁጥር አራት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ነግሯታል፣ ልትረግመኝ ነው ብዬ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ የፈራሁት የአንዲት ሴት ድምፅ ነው፤ ሰውዬው ግን ኬሞ ከወሰደ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው፣ ነርሷ የሚያሰጋው ጊዜ ነው ያለችው ይህንኑ ነው። ፍስሃየ ያለው ሃዋ ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። አድራሻዋን አሁን በእጄ ጽፌ ሰጥቻለሁ። እባካችሁ ሂዱ።

(ከጠዋቱ 11፡20 ላይ ቃል መቀበሉ ተቋርጦ የፖሊስ መኪናና አምቡላንስ ወደ ዞሰንሃይም ተላኩ። 12፡35 ላይ ቀጠለ።)

መርማሪው ተመልሶ የሚከተለውን ነግሮኛል። ፍስሃየ ሃዋ ቤት፣ በኣሚር አልጋ ላይ ተኝቶ ተገኝቷል። ሙቀቱ 39.8 ነው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አተኩሶት ሃዋ ጉንፋን መስሏት ሎሚና ማር እየሰጠች ስታስታምመው ነበር። ራሱን አያውቅም፣ ግን በሕይወት አለ፤ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ይተርፋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሞቹ ገና አናውቅም ብለዋል ተባልኩ።

ፖሊሶቹ ሃዋን ለምን ለማንም አላሳወቅሽም ብለዋታል። እሷም፣ ለሰይፈ ገብርኤል አራት ጊዜ ደውያለሁ ብላ መልሳለች። ፍስሃየ ሰኞ ጠዋት መጥቶ፣ ጋሼ ሰይፈ አንድ ነገር ሊነግርሽ ይመጣል፣ እስኪመጣ አልወጣም፣ ለልጄም እንዳትደውይ ብሏታል። ምንድነው ብትለው እንቢ አለ። ትኩሳቱ ሲጠናበት እንኳ፣ «የእሱ ነገር ነው፣ ከእሱ አፍ ስሚው» ነው ያላት። እስካሁን ምንም አታውቅም። እኔ ሊያጋልጠኝ ሄደ ብዬ ስሸሸግ፣ እሱ ለካ ስሜን ጠብቆልኝ ሁለት ቀን፣ ከትናንት ወዲህም እየነደደ፣ በር በሩን ሲያይ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለሃዋ ተልኮ ሊነበብላት ይችል እንደሆነ መርማሪውን ጠየቅኩ። የምርመራ ሰነድ ስለሆነ አይቻልም አለኝ። አስተርጓሚዋ አብራኝ ሄዳ ትነግርልኛለች ወይ አልኩ። እሷም ሥራዬ አይደለም ጋሼ፣ ይህንንስ እርስዎ ነዎት የሚነግሯት አለችኝ። ትክክል ናት።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ተነቦልኝ፣ የጨመርኩትም የቀነስኩትም ሳይኖር እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። ሃዋ ከፍስሃየ ጋር በአምቡላንሱ ሄዳ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ እንደተቀመጠች ተነግሮኛል። ከዚህ ወጥቼ የምሄደው እዚያ ነው። በርሜሉን እነግራታለሁ፣ አንገቷን ዛሬውኑ እዚያው ለሐኪም እንድታሳይ እነግራታለሁ። ስታየኝ እንደ ወትሮዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ ልትመርቀኝ ትጀምራለች፤ ምርቃቷን ሳትጨርስ ማስቆም አለብኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሰይፈ ገብርኤል ዘውገ
(የመጀመሪያው ስለተበላሸ ሁለት ጊዜ ፈርመዋል፤ ሁለተኛው ይያዝ።)
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ መነን ሐዲስ
የመርማሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃል መቀበሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 13፡05