የእንደራሴው ተረከዝ

በኡሪ ሸለቆ የሚነፍሰው ነፋስ ፍየልን ከነደወሏ አንሥቶ ማዶ መንደር ያሳርፋል፤ የማያምን ካለ ፍየሏን ይጠይቅ። እንዲህ በሚነፍስበት በአንድ ሐሙስ ጧት፣ አይብ ሠሪው ሽማግሌ ባልዝ አንዲት ወረቀት በጉያቸው ሸጉጠው ወደ ፖስታ ቤት ሊወርዱ ሲወጡ፣ አንድ ወታደር አጥራቸው ሥር ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ አገኙት። መቶ አለቃ ዮስት ነው፤ ሸለቆው መርጦ በዋና ከተማው በበርን ወደሚገኘው ምክር ቤት የላከው እንደራሴ። በዚያ አገር ወንድ ሁሉ በዓመት ጥቂት ሳምንት ወታደር ይሆናል፤ ጠመንጃውንም ቤቱ ያኖራል።

ወረቀቷ «ሕግ አውጪ መኮንን አይሁን» ትላለች። አርባ ሦስት ሰው ፈርሞባታል፤ ባልዝም ፖስታ ቤት ሲደርሱ ፈርመው ሊልኳት ነው። የባልዝ ስም ከታከለባት ሸለቆው በሙሉ እንደሚከተል፣ እሱም ወይ ወንበሩን ወይ ማዕረጉን እንደሚለቅ ዮስት ያውቃል።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ ባልዝ?»

«እኔስ ደኅና። አንተን ግን እንደራሴ ልበልህ ወይስ ወታደር?»

«ዛሬስ ቁስለኛ ይበሉኝ።»

ተረከዙ እንደ ድንች ተልጧል። ባልዝ ቂም ቢይዙም ክፉ አይደሉምና ለብ ያለ አጓት በገንዳ አምጥተው እግሩን አስነከሩት።

«ስማ ልጄ፤ በአንድ እጁ ሕግ፣ በሌላው ጠመንጃ የያዘ ሰው ሦስተኛ እጅ ያበቅላል። በሦስተኛው የኔን አይብ ይወስዳል።»

«ጠመንጃ በእርስዎም ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። የማንን አይብ ወሰዱ?»

«አፍህስ ስል ነው። አለቃህ እንዲህ ብለህ ድምፅ ስጥ ቢልህስ?»

«በርን ስሄድ የደንብ ልብሴ ሚስማር ላይ ይቀራል። ባለፈው አንድ ኮሎኔል ስለ በጀት ሊያስረዳን መጥቶ በጥያቄ ላብ በላብ አደረግኩት። ዛሬ በዚህ ልብስ ባገኘው ግን ቀድሜ ሰላምታ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«ያ ጫማስ ምን አደረገህ?»

ዮስት አቀረቀረ። «ርካሽ ነው ሲሉን ምክር ቤት ውስጥ እጄን አውጥቼ ለሠራዊቱ ያስገዛሁት እኔ ነኝ፣ አባባ። ወረቀት ላይ ሸጋ ነበር። አሁን ሦስት ቀን ዳገት ስወጣበት ያወጣሁት እጅ ተረከዜን በላኝ። ከኋላዬ ያሉት አናጢዎችና ከብት አርቢዎችም በየርምጃው ‹ድምፅህ ቆረቆረን› ይሉኛል። ወንበር ላይ ብቻ ብቀመጥ ይህን ማን ይነግረኝ ነበር?»

ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ መጣ። «መቶ አለቃ ዮስት፣ ለሰዎችህ ውኃ ቅዳ።»

እንደራሴው በባዶ እግሩ ብድግ ብሎ «አቤት፣ ሻምበል» አለ።

ሻምበሉ ካስፓር ነው፤ በየሰኞው ለባልዝ ደብዳቤ የሚያደርሰው ፖስተኛ።

ባልዝ ሳቁ። ሳቃቸው ማዶ ተራራ ላይ በረዶ ናደ ይባላል። «አገር ይገለብጣል ብዬ የፈራሁትን ሰው ውኃ የሚያስቀዳው የኛ ፖስተኛ ነው?» ወረቀቷን እዚያው ጉያቸው ውስጥ ትተው በአይብ መጠቅለያ ላይ «ይህ ጫማ ይለወጥ» ብለው ጻፉ፤ ፈርመውም ለካስፓር ዘረጉለት።

«ይቅርታ አባባ፤ ደብዳቤ የሰኞ ሥራዬ ነው። ዛሬ ሻምበል ነኝ።»

«ለኔ ይስጡኝ እንጂ» አለ ዮስት።

«ለአንተማ በርን ስትገባ ነው» አለው ካስፓር። «አሁን ውኃህን ተሸከም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባልዝ ወረቀቷ እንድትቀር አርባ ሦስቱን ሰዎች አንድ ባንድ አነጋገሩ። «ሕግ የሚያወጣው ሰው በሕጉ ሲራመድበት ሕጉ ይስተካከላል» አሏቸው። «ወታደሩም የምናውቀው ጎረቤት ሲሆን ማንንም አያስፈራም። የሌላው አገር ሹም እግሩን ምንጣፍ ላይ ያሳርፋል፤ የኛው ግን በኔ አጓት ውስጥ ነክሮ ሄዷል።»

ያን ገንዳ እስከ ዛሬ አላጠቡትም።