በቁሙ የተመሰገነ ሰው

በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ሳለሁ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። ባቡር ሲዘገይ ሰው ሌላ የሚያደርገው ስለሌለ ይከራከራል። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. በጥቅምት ወር የሰማሁትን ግን ዛሬም ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ፤ ለአንባቢም ይጠቅማል ብዬ ጻፍሁት።

የዚያን ቀን ወደ ናዝሬት የሚወርደው ባቡር ከለገሀር ዘግይቶ እንደሚነሣ በስልክ ተነግሮኛል። ከመስኮቴ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ አቶ ቀናው ተቀምጠዋል። አቶ ቀናው ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ያለው መንደር የእድር ዳኛ ናቸው፤ ሞጆ የሚኖር ወንድማቸውን ለመጠየቅ ነበር የመጡት። ደግና ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው፤ ያልለመዱትን ነገር ግን ቶሎ አይቀበሉም። ጥቂት ቆይቶ መገርሳ መጣ። እሱ የዚያው መንደር ልጅ ነው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቶ እዚያው ያስተምራል። በባቡሩ የሚላክለትን የጠመኔ ሳጥን ሊቀበል ነበር።

ሰላምታ ተለዋውጠው እንደ ተቀመጡ መገርሳ፣ “አባቴ፣ እንኳን አገኘሁዎ። ለእሑዱ የእድር ስብሰባ አንድ ሐሳብ አለኝ። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን አይሆንም” አለ።

“ተናገር ልጄ።”

“ጋሼ ፈየራንና ወይዘሮ አለሚቱን በሕዝብ ፊት እናመስግናቸው እላለሁ።”

ሁለቱን ያላወቀ አንባቢ ይወቃቸው። ፈየራ አርባ ዓመት የሆነው ገበሬ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ወጥሮ፣ ሕፃኑን በትከሻው፣ በሽተኛውን በጀርባው አድርጎ ያሻግራል። ዘጠኝ ክረምት እንዲህ ሲያደርግ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም። ወይዘሮ አለሚቱ ደግሞ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ የመንደሩን እናቶች የሚያዋልዱት እሳቸው ናቸው።

አቶ ቀናው፣ “ሐሳብህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን አይሆንም። እነዚህ ሰዎች ለእግዚአብሔር ብለው ነው የሚደክሙት። አደባባይ አውጥተን ብናሞግሳቸው ዋጋቸውን እዚሁ ጨረስንባቸው። ደግሞ ምስጋና ሰውን ያኮራል” አሉ።

“እርስዎ ዳኛ ሆነው ሲመረጡ ሕዝቡ ቆሞ አጨብጭቦልዎታል፤ ካባም አልብሶዎታል። ያን ቀን ኮሩ?”

“ኧረ ኃላፊነቱ ከበደኝ እንጂ።”

“ታዲያ እነሱን ያኮራቸዋል ብለን ለምን እንሰጋለን?”

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። “ይሁን። ሁለቱን ስናስነሣ ግን መቃብር የሚቆፍረው፣ መንገድ የሚጠግነው፣ ‘እኔስ?’ ይላል።”

“ይበል እንጂ አባቴ። ተራው ሲደርስ እሱንም እናመሰግናለን። ቅሬታ ፈርተን ሁሉንም ዝም ካልን ግን የሚደክመውና የማይደክመው በእኛ ዘንድ እኩል ሆኑ ማለት ነው።”

“እኛ እኮ ምስጋና አናውቅም አይደለም። ሰው ሲሞት ሥራው በቀብሩ ላይ ይነገራል። ከአባቶቻችን የቆየ ነው።”

“እሱን የሚሰማው ቤተ ዘመድ ነው። ሟቹ ምን ይሰማል?”

“አለመስማቱ ነው ደጉ” አሉ አቶ ቀናው።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ ከሽማግሌው ጋር ነበርሁ። ደግ ሰው ደግነቱ ይበቃዋል ብዬ አምን ነበር።

በዚህ መካከል ፈየራ ራሱ ትንሽ ጓዝ ተሸክሞ መጣ። ፊቱ ከስቷል። ሁለቱን እጅ ነሥቶ ወደ መስኮቴ ቀረበና፣ “ለናዝሬት አንድ። መሄጃ ብቻ” አለኝ፤ ቆረጥሁለት።

አቶ ቀናው ሰምተው ዘወር አሉ። “ወዴት ነው ፈየራ?”

“ወደ ወንጂ ነው አባባ። የአክስቴ ልጅ ሥራ አለ ብሎኛል።”

“እርሻህስ?”

“ለወንድሜ ትቼለታለሁ።”

“ተቀይመኸናል?”

ፈየራ ጓዙን መሬት አስቀመጠ። “አልተቀየምኩም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የወንዙ ብርድ ደረቴ ገብቶ መስከረምን ሙሉ ተኛሁ። ከእትዬ አለሚቱ በቀር ደጄን የረገጠ የለም። ሰው ሥራ ይይዘዋል፤ አውቃለሁ። ብቻ ተኝቼ ሳስበው፣ ሰው እኔን የሚያየኝ ገመዱ እንደሚታሰርበት ዛፍ መሰለኝ። ብኖርም ባልኖርም ልዩነት ያለው አልመሰለኝም።”

መገርሳ ‘አላልኩዎትም?’ ማለት ይችል ነበር፤ እሱ ግን የፈየራን ጓዝ አንሥቶ አግዳሚው ላይ አኖረለት። ማስተዋሉን ያን ጊዜ አደነቅሁ።

አቶ ቀናው ከአግዳሚው ተነሡ። “ልጄ ምጥ ይዟት ሳለ በዚያ ሙላት አዝለህ ያሻገርካት አንተ ነህ። የልጅ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። አመስግኜህ አውቃለሁ?”

ፈየራ አሰበ። “ሳይሉኝ አይቀሩም።”

“አላልኩህም። ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። ኋላም ‘እሱ ያውቀዋል’ ብዬ ተውሁት።” ወደ እኔ ዞረው፣ “ይህ ቲኬት ለሰኞ ይሆናል?” አሉኝ። ይሆናል አልኋቸው። “ልከለክልህ አልችልም ፈየራ፤ ኑሮህ ነው። እስከ ሰኞ ግን ቆይልኝ።”

ባቡሩ ሲመጣ አቶ ቀናው አልተሳፈሩም። መገርሳ ሳጥኑን ተቀበለ፤ ሦስቱም አብረው ወደ መንደሩ ተመለሱ።

እሑድ እኔም ሄድሁ። አቶ ቀናው ከሁሉ አስቀድመው የራሳቸውን ጥፋት ተናገሩ። ከዚያ ከሁለቱ እርዳታ ያገኘው ሁሉ እየተነሣ የሆነውን አወራ። እናቶች ወይዘሮ አለሚቱ ያዋለዷቸውን ልጆች ይዘው መጥተው ነበር፤ ሴትዮዋ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ለሁለቱም ጋቢ ተደረበላቸው። ፈየራ ተናገር ሲባል፣ “ይህን ያህል መሆናችሁን አላውቅም ነበር። አንድ አንድ እያደረግሁ ነው ያሻገርኋችሁ” ብሎ ተቀመጠ።

ሰኞ ለዘመዱ የሰጠውን ቃል ለመጠበቅ ወንጂ ወረደ። በጋውን ሠርቶ ግንቦት ላይ ግን ተመለሰ። ሲደርስ ስምንት ጎልማሶች በሁለቱ ዳር ወፍራም እንጨት ተክለው፣ በአንዱ ፈንታ ሁለት ገመድ ወጥረው በተራ ለመቆም ተዘጋጅተው አገኛቸው። በስብሰባው ቀን ስማቸውን ያስመዘገቡ ነበሩ። የቀራቸው እሱ የውሃውን ጠባይ እንዲያስተምራቸው ብቻ ነበር።

ምስጋናው ያስገኘው ጥቅም ይህ ብቻ አይደለም። ሁለት ወጣት ሴቶች ከወይዘሮ አለሚቱ ሥር ሆነው ማዋለድን ተማሩ፤ እትብት የሚቆረጥበትን ምላጭ መቀቀልም የመንደሩ ልማድ ሆነ። በሰኔ ፈተና ወንዙ ሞልቶበት ከትምህርት ቤት የቀረ ተማሪ አልነበረም። እድሩም ሕዝቡን የሚረዳ ሰው ሲታመም በየተራ እንዲጠየቅ ደነገገ። አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመው የነበረውን ብዙዎች ስለ ተካፈሉት፣ ፈየራም በዚያ ክረምት አልታመመም።

በዓመቱ አቶ ቀናውን እዚያው ጣቢያ አገኘኋቸውና፣ “ምስጋና የሰማዩን ዋጋ ያስቀራል ሲሉ አልነበረም?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“የሰማዩን እግዚአብሔር ያውቃል” አሉኝ። “አመሰግናለሁ ማለት ግን የኔ ሥራ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልሠራው ቆየሁ።”